ከሌላ ኮከብ የመጣን እንግዳ ማርስን ከሚዞሩ ካሜራዎች እንዴት እንከታተለው? ጅማ ላይ ሆኖ ለሚሞክር ሰው

ይሄ ጽሁፍ ጅማ ቁጭ ብሎ አንድ ላፕቶፕና ትንሽ ዳታ ይዞ፣ ማርስን ሚዞሩ መንኮራኩሮች ባነሱት ፎቶ ከሌላ ኮከብ የመጣ ነገርን መከታተል ለሚፈልግ ሰው ነው። ቴሌስኮፕ የግድ አያስፈልግም። እንደውም የኛ ከተማ ሰማይ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለማይለቀን፣ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ራሱ ግማሹን አመት ደመና ነው ሚያየው፣ ስለዚህ ደመና በሌለበት ቦታ ያለ ካሜራ ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። እስካሁን ከፀሐያችን ቤተሰብ ውጪ እንደመጡ በደንብ የተረጋገጡት ሶስት ናቸው፦ በ2017 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ላይ የተገኘው ኦሙአሙአ፣ በ2019 ጌናዲ ቦሪሶቭ የሚባል ሰው ራሱ በሰራው 65 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ያገኘው ቦሪሶቭ፣ እና በኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 2017 (ጁላይ 1, 2025) ቺሊ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ያገኘው 3አይ አትላስ ሚባለው ጅራታም ኮከብ። ከውጪ መምጣታቸው ሚታወቀው በመንገዳቸው ቅርጽ ነው። ኤክሰንትሪሲቲ ሚባል ቁጥር አለ፣ ከ1 በታች ከሆነ ነገሩ ፀሐይን ይዞራል፣ ከ1 በላይ ከሆነ አንዴ አልፎ ይሄዳል አይመለስም። የኦሙአሙአ 1.2 ነው፣ የቦሪሶቭ 3.4 ገደማ፣ የአትላስ ግን 6.1! ከፀሐይ ሩቅ እያለ ራሱ ፍጥነቱ በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ነበር።

ታዲያ ለምን ከማርስ? መስከረም መጨረሻና ጥቅምት 2018 ላይ አትላስ ከመሬት ሲታይ ከፀሐይ ጀርባ ገባ፣ ከዚህ ሆኖ ማየት ከባድ ሆነ፣ እና ልክ በዛው ሰሞን፣ መስከረም 23 (ኦክቶበር 3) ማርስን በ30 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ አለፋት። ማርስ ዙሪያ ደግሞ የአውሮፓ፣ የአሜሪካ፣ የቻይና መንኮራኩሮች ካሜራ ይዘው እየዞሩ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶውን ነው ሚጠብቀው፣ እኔ ግን ከፎቶው በላይ ዋጋ ያለው ማዕዘኑ ነው ባይ ነኝ። ሁለተኛ ቦታ ላይ ቆሞ ማየት ርቀትን ይሰጣል፣ ከአንድ ቦታ ብቻ ስታዩ ግን ያላችሁ አቅጣጫ ነው። የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍልም እሱ ነው።

ስራው ሚጀምረው ሆራይዘንስ ላይ ነው። የሰማይ አካላት በየሰዓቱ የት እንዳሉ አስልቶ ሚያወጣ የናሳ ጄፒኤል ሲስተም ነው፣ ነጻ ነው፣ በስልክ ብሮውዘርም ይከፈታል (ሰንጠረዡ ሰፊ ስለሆነ ላፕቶፕ ይሻላል)። ምትፈልጉትን ነገር ሚሞላበት ቦታ ላይ አትላስን በስሙ ትፈልጋላችሁ፣ ከዛ ዋናው ነገር ተመልካቹ የት ነው ያለው ሚለው ነው። ካልነካችሁት መሬት ይወስዳል። እናንተ 500@499 ብላችሁ ጻፉ፣ 499 ማርስ ናት፣ ማለት ማርስ መሃል ላይ ሆኜ ሳይ ማለት ነው። ከመንኮራኩሩ ራሱ ማየት ከፈለጋችሁ የመንኮራኩሩን ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ ትሬስ ጋዝ ኦርቢተር -143 ነው፣ ማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር -74፣ ማርስ ኤክስፕረስ -41። ልዩነቱ ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ መንኮራኩሩ ከማርስ መሃል 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢርቅ በ30 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 27 አርክ ሰከንድ ያህል ይቀይራል (አርክ ሰከንድ የ1 ዲግሪ 3600ኛ ነው)። ለማየት ብቻ ከሆነ ማርስ መሃል ይበቃል፣ ለመለካት ከሆነ ግን የግድ የመንኮራኩሩን ቁጥር ተጠቀሙ።

ሰንጠረዡ ላይ ሁሉንም አምድ አትምረጡ ትጨናነቃላችሁ። ቁጥር 1 አቅጣጫ ነው፣ ቁጥር 20 ርቀት፣ ቁጥር 23 ደግሞ ነገሩ ከፀሐይ ስንት ዲግሪ ርቆ እንደሚታይ ይናገራል። ይሄን 23ኛውን አንዴ ከመሬት አንዴ ከማርስ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡት፣ በቃ ሁሉም ነገር ይገባችኋል። ከመሬት ፀሐይ አጠገብ ተለጥፎ ሳለ ከማርስ ግን ገላጣ ሰማይ ላይ ነው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ሁሉም ነገር በዩቲሲ (በአለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ነው ሚጻፈው። ወደኛ ሰዓት አቆጣጠር ለመቀየር 3 ቀንሱ፣ ለምሳሌ ዩቲሲ 15:00 ከሆነ እኛ ጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ ዩቲሲ 00:00 ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ነገር ግን መዝገባችሁ ላይ ዩቲሲውንና የፈረንጁን ቀን እንዳለ ጻፉት፣ ምክንያቱም ሌሊት 9 ሰዓት ስትሉ የትኛው ቀን ሌሊት እንደሆነ አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ ይረዳዋል፣ ሰው ሲያግዛችሁ ሁለት ቀን ይዛችሁ ትጣላላችሁ።

አሁን ካሜራዎቹን እንያቸው፣ ምክንያቱም ከየትኛው ካሜራ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ ትበሳጫላችሁ። እነዚህ ካሜራዎች የተሰሩት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከታቻቸው ያለችውን ብሩህ የማርስ መሬት ለማንሳት ነው። ጅራታም ኮከቡ ደግሞ ሁሌ ከሚያነሱት ነገር ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ እጥፍ ይደበዝዛል። ትሬስ ጋዝ ኦርቢተር ላይ ያለው ካሲስ ካሜራ ቢበዛ 5 ሰከንድ ነው ክፍት ሆኖ መቆየት ሚችለው፣ ማርስ ኤክስፕረስ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ብቻ፣ ስለዚህ ካሲስ ሲያየው ማርስ ኤክስፕረስ ወዲያው ሊለየው አልቻለም።

ፒክስሉን ራሳችሁ አስሉት፣ ከባድ አይደለም። የካሲስ አንድ ፒክስል 11.4 ማይክሮ ራዲያን ገደማ ነው (1 ማይክሮ ራዲያን ማለት 1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ሚሸፍን ማዕዘን ነው)። ማዕዘኑን በርቀቱ ማባዛት ነው፦ 30 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲባዛ በ11.4 ሲካፈል ለ1 ሚሊዮን፣ ወደ 340 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ማለትም አንዷ ነጥብ ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና ሚኬድበትን ያህል ርቀት ታጠቃልላለች። ማርስ ሪኮኔሰንስ ላይ ያለው ሃይራይዝ ግማሽ ሜትር መስታወት ስላለው አንድ ፒክስሉ 1 ማይክሮ ራዲያን ነው፣ ስለዚህ 30 ኪሎ ሜትር። የአትላስ ድንጋዩ ራሱ በሃብል ቴሌስኮፕ ልኬት መሰረት ስፋቱ ቢበዛ 5.6 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በሃይራይዝም ቢሆን ድንጋዩ አይታይም! ምትታየው በዙሪያው ያለችው የጋዝና የአቧራ ደመና ናት። ቴሌግራም ላይ መስኮት ያለው መርከብ አድርጎ ሚለጠፍ ፎቶ ስታዩ ይቺን 30 ኪሎ ሜትር አስታውሱ፣ ከአንድ ፒክስል ውስጥ መስኮት አይወጣም። የሃይራይዝ ፎቶ መስከረም 22 (ኦክቶበር 2) ተነስቶ ኅዳር 10 (ኖቬምበር 19) ነው የወጣው፣ መሃል ላይ የአሜሪካ መንግስት ስራ ተዘግቶ ነበር፣ ደብቀውን ነው ሚለው ወሬ የተራባው በዛ ምክንያት ነው እንጂ የተደበቀ ነገር ኖሮ አይደለም። የቻይናው ቲያንዌን 1ም በዛው ሰሞን ከ30 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ አንስቶታል።

ሜቨን ሚባለው የናሳ የማርስ መንኮራኩር ለየት ይላል። እሱ በአልትራ ቫዮሌት ነው ሚያየው፣ እና ሃይድሮጅን ያያል። ሃይድሮጅኑ ምን ያደርግልናል ካላችሁ፣ ከጅራታም ኮከቡ ሚወጣውን የውሃ ትነት የፀሐይ ብርሃን ሲሰባብረው ሃይድሮጅን ይለቀቃል፣ ሃይድሮጅኑን ስትለኩ ስንት ውሃ እየወጣ እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። ችግሩ ማርስ ራሷ የሃይድሮጅን ደመና አላት፣ በፕላኔቶች መሃል ያለው ባዶ ቦታም እንደዛው፣ ስለዚህ ሶስቱን በፍጥነታቸው ነው የለዩዋቸው፣ ሚቀርበን ሲሆን ቀለሙ ወደ አንድ በኩል ሚርቀን ሲሆን ወደ ሌላ በኩል ትንሽ ይንሸራተታል። እኔ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ስራ ይሄ ነው። የሚያሳዝነው ሜቨን ኅዳር 27 ቀን 2018 ከመሬት ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ።

ዳታው የት ይገኛል? የናሳው ፕላኔተሪ ዳታ ሲስተም ላይ፣ የአውሮፓው ደግሞ ፕላኔተሪ ሳይንስ አርካይቭ ላይ፣ ሁለቱም በነጻ። ጥሬው ዳታ ወዲያው አይለቀቅም፣ ብዙ ጊዜ ወራት ይወስዳል፣ እስከዛ ለዜና የለቀቁት ፎቶ ላይ ተለማመዱ። ፋይሎቹ ትላልቅ ናቸው፣ ስለዚህ በሌሊት ጥቅል አውርዱ፣ ማውረጃውም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ካቆመበት ሚቀጥል አይነት ይሁን፣ አለበለዚያ 90 ፐርሰንት ደርሶ እንደገና ከዜሮ መጀመር አለ። ከፎቶው ጋር አብሮ ያለውን የጽሁፍ ፋይል እንዳትተዉት፣ ፎቶው በየትኛው ሰከንድ እንደተነሳ ያለው እዛ ውስጥ ነው፣ ያለሱ ፎቶው ጌጥ ነው።

ፎቶዎቹን መደራረብ ላይ እንምጣ። አንድ ፎቶ ላይ ነገሩ ከጩኸቱ (ካሜራው ራሱ ከሚፈጥረው ነጠብጣብ) አይለይም፣ ብዙ ፎቶ ሲደረብ ግን ጩኸቱ እርስ በርሱ ይጣፋና እሱ ጎልቶ ይወጣል። ሲሪል ሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል፣ ለጅራታም ኮከብ የተዘጋጀ ማስተካከያም አለው። ሁለት ጊዜ ደርቡ። አንዴ ከዋክብቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ፣ ያኔ እንግዳው መስመር ይሆናል፣ አንዴ ደግሞ እንግዳውን መሃል ላይ አድርጋችሁ፣ ያኔ ከዋክብቱ መስመር ይሆናሉ። የመጀመሪያው የት እንዳለ ለመለካት ነው፣ ሁለተኛው ደመናው ምን እንደሚመስል ለማየት። አንዲት ነጭ ነጥብ ስላገኛችሁ ብቻ አገኘሁት አትበሉ፣ የተበላሸ ፒክስልም ነጭ ነው፣ ከህዋ ሚመጣ ጨረር ካሜራውን ሲመታም ነጭ ነጥብ ይፈጥራል። የተበላሸው ፒክስል ሁሌ ፎቶው ላይ አንድ ቦታ ነው፣ የጨረሩ አንድ ፎቶ ላይ ታይታ ትጠፋለች፣ እውነተኛው ግን ከፎቶ ፎቶ በከዋክብቱ መሃል ቀጥ ብሎ ሆራይዘንስ ባለው አቅጣጫና ፍጥነት ይሄዳል።

በአንድ ፎቶ ጊዜ ውስጥስ ይደበዝዛል ወይ? በሰከንድ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ በካሲስ 5 ሰከንድ ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአንድ ፒክስል ያንሳል፣ ችግር የለውም። በሃይራይዝ ግን በየሰከንዱ 2 ፒክስል ይዘላል፣ ስለዚህ መንኮራኩሩ ራሱን አዙሮ እየተከተለ ማንሳት አለበት።

አሁን ወደ ማዕዘኑ። መሬት ላይ መጀመሪያ ሞክሩት። አንዳችሁ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ጋ ውጡ፣ ሌላችሁ ቦዬ አካባቢ ቁሙ፣ ከሁለታችሁም ሚታይ አንድ የቴሌ ታወር ምረጡ። በስልክ ኮምፓስ አቅጣጫውን በዲግሪ ያዙ (ብረት አጥርና መኪና አጠገብ አትቁሙ ኮምፓሱ ይሳሳታል) ከዛ ካርታ ላይ ከየቆማችሁበት መስመር ስትስሉ መስመሮቹ ሚገናኙበት ታወሩ አለ። ሁለታችሁም ጅሬን ላይ ጎን ለጎን ብትቆሙ ግን መስመሮቹ አንድ አይነት ናቸው ማለት ይቻላል፣ የት ላይ እንደሚገናኙ አይታወቅም። መሬት ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች ሁሉ ለአትላስ እንደዛ ናቸው፣ ቺሊም ይሁን ሃዋይ እንጦጦም ይሁን በዛ ርቀት ሁሉም አንድ ቦታ ቆመዋል። ማርስ ግን በዛ ሰሞን ከመሬት ከ300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነበረች።

ቁጥሩን እዩት። ከመሬት አትላስ በዛ ቀን ከ370 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ እዛ ላይ የ1 አርክ ሰከንድ ስህተት ወደ 1800 ኪሎ ሜትር ነው። የካሲስ አንድ ፒክስል በአርክ ሰከንድ ካየነው 2.3 ስለሆነ ካሜራው ደካማ ይመስላል፣ ግን ቅርብ ስለሆነ ያ ሙሉ ፒክስል 340 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ ይሄን ዳታ ከመሬቱ ጋር ሲያጣምረው አትላስ ወዴት እንደሚሄድ ያለው ግምት 10 እጥፍ ተሻሻለ። ሌላ ፕላኔት ሚዞር መንኮራኩር የለካው ቦታ በማይነር ፕላኔት ሴንተር (የአስትሮይድና የጅራታም ኮከብ ቦታ ሚመዘግብ አለም አቀፍ ማዕከል) መዝገብ በይፋ ሲገባም የመጀመሪያው ነው። ለምድር ሚያሰጋ ድንጋይ አንድ ቀን ቢመጣ ይሄ ልምድ ስንት ዋጋ እንዳለው አስቡት።

በፓይተን ስትሰሩት እንዲህ ነው። የመሬትንና የማርስን ቦታ ከፀሐይ አንጻር ከሆራይዘንስ በቬክተር (ቦታን በሶስት ቁጥር፣ በኤክስ ዋይ ዜድ መግለጫ) ታወጣላችሁ፣ ከሁለቱም ወደ አትላስ ያለውን አቅጣጫ ቁጥር 1 አምድ ላይ ታገኛላችሁ፣ አቅጣጫውን ወደ ቬክተር ቀይራችሁ ሁለቱ መስመሮች በጣም ሚቀራረቡበትን ነጥብ ኑምፓይ በሚባለው የፓይተን የሂሳብ መሳሪያ ታሰላላችሁ። በትክክል አይገናኙም፣ መሃላቸው ትንሽ ክፍተት ይኖራል፣ ክፍተቱ ራሱ ስህተታችሁ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሁለት ወጥመድ አለ፣ ሰው ሁሉ ሚወድቅባቸው። አንደኛው የሆራይዘንስ ቬክተር ካልቀየራችሁት መሬት ፀሐይን በምትዞርበት ጠለል ነው ሚሰጠው፣ የቁጥር 1 አቅጣጫ ግን በምድር ወገብ ነው ሚለካው፣ በሁለቱ መሃል 23.4 ዲግሪ አለ፣ ማስተካከያው ላይ ቬክተሩንም ወደ ምድር ወገቡ አድርጉት። መልሱ በሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ከሳተ መጀመሪያ እዚህ ጋ ነው ማየት።

ሁለተኛው ብርሃን ነው፣ ይሄ በጣም ደስ ሚል ነገር ነው። ከአትላስ የወጣ ብርሃን ማርስ ለመድረስ 100 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ መሬት ለመድረስ ግን ከ20 ደቂቃ በላይ። ስለዚህ ሁለቱም ጋ በተመሳሳይ ሰዓት ያነሳችሁት ፎቶ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያለ አትላስን አያሳይም! ከመሬት ምታዩት ከ20 ደቂቃ በፊት የነበረበትን ነው፣ በዛ ልዩነት ውስጥ ደግሞ ከ65 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ያንን ካላስተካከላችሁ የፒክስሉ 340 ኪሎ ሜትር ምንም አይጠቅምም። መፍትሄው ከመሬት ያለውን ሰዓት በብርሃኑ ጉዞ ልዩነት ልክ ማዘግየት ነው፣ ለምሳሌ የማርሱ ፎቶ ዩቲሲ 12:00 ከሆነ የመሬቱን ሰንጠረዥ ከ12:19 ጀምሮ በደቂቃ በደቂቃ አውጡና፣ ብርሃኑ ከአትላስ የተነሳበት ሰዓት ከማርሱ ጋር ሚገጥመውን መስመር ምረጡ። ርቀቱ ከቁጥር 20 ስላላችሁ ለ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በሰከንድ ማካፈል ብቻ ነው።

ክለብ ካላችሁ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ምትማሩ ከሆነ ስራውን ተከፋፈሉት፣ አንዱ ሆራይዘንስ፣ አንዱ ፎቶ መደራረብ፣ አንዱ ሂሳብ። ሂሳቡን ግን ሁለት ሰው ሳይተያይ ይስራው፣ መጨረሻ ላይ አወዳድሩ።

ማርስን ከጨረሳችሁ ጁፒተርን ሞክሩ። አትላስ ወደ ፀሐይ በጣም የቀረበው ጥቅምት 19 ቀን 2018 ነው፣ ከዛ ታኅሣሥ 10 መሬትን በ270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መጋቢት 7 ደግሞ ጁፒተርን በ54 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሚያልፍ ነው መንገዱ። ሆራይዘንስ ላይ 500@599 ብላችሁ ያው ሰንጠረዥ አውጡ፣ ከጁፒተር ሲታይ ከፀሐይ ስንት ዲግሪ እንደሚርቅና አንድ ማይክሮ ራዲያን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን አስሉ (54 ነው ሚመጣው)። የአውሮፓው ጁስ መንኮራኩርም ወደ ጁፒተር እየሄደ እያለ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ አይቶታል፣ ዳታው የዘገየው ፀሐይ አጠገብ ስለነበር ትልቁን አንቴናውን እንደ ጥላ ይጠቀምበት ስለነበር ነው።

ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አይነግረንም። ቺሊ ያለው ሩቢን ቴሌስኮፕ ስራ ስለጀመረ ብዙ እንደሚገኙ ይጠበቃል፣ ስለዚህ ከአሁኑ አንድ ፋይል አዘጋጁ፦ በየፕላኔቱ ዙሪያ ያለው መንኮራኩር፣ የሆራይዘንስ ቁጥሩ፣ ካሜራው በአንድ ፒክስል ስንት ማይክሮ ራዲያን እንደሚያይ፣ ቢበዛ ስንት ሰከንድ ክፍት እንደሚሆን። አዲስ እንግዳ ተገኘ በተባለ ቀን መንገዱ ሆራይዘንስ ላይ ከገባ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፕላኔት ርቀቱንና የፀሐይ ማዕዘኑን አውጡ፣ መንገዱ በየቀኑ ስለሚስተካከል የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በየቀኑ ደግማችሁ አውጡት፣ የድሮውን ሳትሰርዙ።